መኪና የማይበዛበት ኮረኮንች ዋጋው ስንት ነው?

ከደባርቅ እስከ ደረስጌ፦ ባዶ መንገድ እንደ ሸቀጥ

አንድን መንገድ ሁለት ሰዎች ቆመው ሲመለከቱት እናስብ። መንገዱ ከደባርቅ ተነስቶ የስሜን ተራሮችን ጫፍ ጫፉን ይዞ ወደ ጃን አሞራ የሚዘልቀው የጠጠር መንገድ ነው። አንደኛው ሰው ሁለት ኩንታል ገብስ ከመንገዱ ዳር አስቀምጦ፣ ወደ ደባርቅ ገበያ የሚያደርሰው አይሱዙ ይመጣል ብሎ ከማለዳ ጀምሮ የቆመ ገበሬ ነው። ሁለተኛው ብስክሌቱን ፈታትቶ በካርቶን አሽጎ፣ አውሮፕላን ቀያይሮ ከአውሮፓ የመጣ ጎብኚ ነው። እስከ ቀትር አንድም መኪና አላለፈም። ገበሬው ቀኑን በከንቱ አባክኗል፤ ጎብኚው ግን "የመጣሁት ይህንኑ ፈልጌ ነው" ይላል።

መንገዱ አንድ ነው፤ ባዶነቱም አንድ ነው። ባዶነቱ ለአንዱ ኪሳራ ሲሆን ለሌላው ገንዘብ የሚከፈልበት ዕቃ ነው። የዛሬው የገበያ ትምህርታችን ከዚህ ይነሳል። ባዶ መንገድ ሸቀጥ መሆን ይችላል ወይ? ከቻለስ የሽያጩ ገንዘብ የሚገባው ለማን ነው?

ዕቃው ምንድን ነው?

ነጋዴ ስለ ዋጋ ከማውራቱ በፊት ዕቃውን አገላብጦ ያያል። እኛም እንደዚያው እናድርግ። በአውሮፓና በአሜሪካ ካለፉት ሁለት አሥርተ ዓመታት ወዲህ "ግራቭል" የሚባል የብስክሌት ስፖርት ተስፋፍቷል። ግራቭል ማለት ጠጠር ማለት ነው። ብስክሌቱ ሲያዩት የአስፋልት መወዳደሪያ ይመስላል፤ ጎማው ግን ሰፋ ያለ፣ ማርሹም ዳገት እንዲችል የቀለለ ነው። ነጂው አስፋልቱን የሚሸሸው ጠጠር ስለሚወድ ብቻ አይደለም። ዋናው ምክንያት መኪና ነው። አስፋልቱ በተሽከርካሪ በተጨናነቀባቸው አገሮች ብስክሌተኛ በሰላም የሚነዳበት ቦታ እያነሰ መጥቷል። ስለዚህ ገዢው የሚከፍለው ለጠጠሩ ሳይሆን መኪና ለሌለበት ሰዓት፣ ለጫካው፣ ለኮረብታውና ለጸጥታው ነው። ገበያው የት እንደደረሰ ለማወቅ አንድ ነገር ማንሳት ይበቃል። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 የመጀመሪያውን የግራቭል ዓለም ሻምፒዮና በሰሜን ኢጣሊያ፣ በቬኔቶ ግዛት አካሂዷል።

አሁን ወደ እኛ መንገድ እንመለስ። ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወስደው አስፋልት ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። ከባድ መኪናው ከዚያ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት፣ ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ወደጠረቡት ጠመዝማዛ መንገድ ይወርዳል። በስተምሥራቅ የሚገነጠለው የጠጠር መንገድ ግን ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይገባል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገዱ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ 3,250 ሜትር ላይ ሳንቃበር ይደርሳል። ከዚያ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ 3,620 ሜትር ከፍታ ላይ ጨነቅ አለ። ከጨነቅ በኋላ የብዋሂት ማለፊያ 4,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በአፍሪካ መኪና ከሚሄድባቸው መንገዶች ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ማለፊያውን ተሻግሮ መንገዱ ወደ መካነ ብርሃን ይወርድና ወደ ደረስጌ ይዘልቃል።

በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው አስታውንና ጅብራውን፣ ጓሳውንና ገደሉን ያያል። ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሆኖ ሣር ሲነጭ ከመንገዱ ዳር ይገኛል። ዕድል የቀናው ዋልያ ያያል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ደረስጌ ማርያም ናት። ደጃዝማች ውቤ ያሠሩትና ለራሳቸው ንግሥ ያዘጋጁት ቤተ ክርስቲያን፣ የካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ውቤን ድል አድርገው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የተቀቡበት ሆነ። ለአስጎብኚ ከዚህ የተሻለ መድረሻ የለም። መንገዱ በታሪክ ይጠናቀቃል።

ከነጭራሹ መኪና የለም ማለታችን አይደለም። የጃን አሞራ አውቶቡስና የጭነት መኪና ያልፋል፤ ሲያልፍም ብስክሌተኛውን አቧራ ያለብሰዋል። ይሁን እንጂ ከአውሮፓ መንገዶች ጋር ሲነጻጸር ባዶ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ኪያንቲ ምን አስተማረች?

ባዶ የጠጠር መንገድን ወደ ገንዘብ የቀየረ አገር ፈልገን ብንሄድ የምንደርሰው መካከለኛው ኢጣሊያ፣ ቶስካና ነው። ኪያንቲ የሚባለው አካባቢ ጫካ ያለበት ኮረብታና የወይን እርሻ ነው። ገበሬው እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ የባለርስቱን መሬት በእኩል አራሽነት ያርስ ነበር። ያ ሥርዓት ሲፈርስ ወጣቱ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ነጎደ። የድንጋይ ቤቶች ባዶአቸውን ቀሩ። አስፋልት ያልደረሰባቸው ነጫጭ የጠጠር መንገዶችም የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርገው ይታዩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1997 ጋዮሌ በምትባል ትንሽ ከተማ "ኤሮይካ" የሚባል የብስክሌት ጉዞ ተጀመረ። የመጀመሪያው ዓመት ተሳታፊ 92 ሰው ብቻ ነበር። ሰዎቹ የድሮ ብስክሌት ይዘው፣ የድሮ የሱፍ ማልያ ለብሰው በነጩ መንገድ ሄዱ። የአዘጋጆቹ ዓላማ ግን ከጨዋታ ያለፈ ነበር፤ ነጫጮቹ መንገዶች በአስፋልት እንዳይሸፈኑ ማዳን ፈልገው ነበር። ዛሬ ተሳታፊው በሺዎች የሚቆጠር ሆኗል። ዓመቱን በሙሉ በምልክት የሚመራ 209 ኪሎ ሜትር መንገድም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ደግሞ "ስትራዴ ቢያንኬ" ወይም ነጫጭ መንገዶች የተባለው የባለሙያዎች ውድድር በየዓመቱ በዚያው አካባቢ ይካሄዳል።

ኤሮይካን ብቻውን የተአምር ሠሪ አድርጎ ማየት ግን ስሕተት ነው። ብስክሌተኛው ከመምጣቱ በፊት ሁለት ነገሮች ተዘጋጅተው ቆይተዋል። አንደኛው ሕግ ነው። የኢጣሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1985 ገበሬ በእርሻው ላይ እንግዳ አሳድሮ ገንዘብ እንዲቀበል የሚፈቅድ ሕግ አውጥቷል። ስለዚህ ብስክሌተኛው ሲደክመው የሚያድረው ገበሬው ቤት ነው። ሁለተኛው ወይኑ ነው። እንግዳው አንድ ቀን የቀመሰውን የኪያንቲ ወይን አገሩ ከተመለሰ በኋላም ከሱቅ ይገዛል። ጉብኝቱ በሦስት ቀን ያልቃል፤ ግዢው ግን ለዓመታት ይቀጥላል።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ኪያንቲ መንገዱን አልሸጠችም፤ መንገድ በነጻ የሚኬድበት ነው። የሸጠችው መንገዱ የሚያደርስበትን አልጋ፣ ምግብና ወይን ነው። በምጣኔ ሀብት ቋንቋ መንገዱና አልጋው ተደጋጋፊ ዕቃዎች ይባላሉ። አንዱ ነጻ ሲሆን የሌላው ፍላጎት ይጨምራል። ሻይ ቤት ውኃ በነጻ አቅርቦ ብስኩት እንደሚሸጠው ማለት ነው።

ወይና ደጋ ያለ ወይን

እኛ ጋ ወይን የለም ብሎ የሚያዝን አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሚገርመው ግን ወይኑ በስማችን ውስጥ መኖሩ ነው። ከቆላና ከደጋ መካከል ያለውን አየር አባቶቻችን "ወይና ደጋ" ብለው የጠሩት ወይን የሚበቅልበት ደጋ ለማለት ነው። ስሙ ቀርቶ ወይኑ ከአብዛኛው ቦታ ጠፍቷል። የዘመኑ የወይን ኢንቨስትመንት ስምጥ ሸለቆን መርጦ፣ በዝዋይ የተተከለው ወይን እ.ኤ.አ. በ2014 በጠርሙስ ሆኖ ገበያ ወጥቷል። ዳባትና ደባርቅ ግን የገብስ አገር ናቸው።

ጥያቄው እንግዲህ "ወይን እንትከል ወይ?" የሚል አይደለም። ጥያቄው "ጎብኚው ከሄደ በኋላ የሚቀጥል ሽያጭ የሚያመጣልን የእኛ ዕቃ የቱ ነው?" የሚለው ነው። ጠላው ግሩም ነው፤ ነገር ግን ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም፤ አውሮፕላንም አይሳፈርም። ስለዚህ ጠላ እዚያው የሚጠጣ፣ ለእንግዳ ማረፊያ የሚሆን ሸቀጥ ነው። ሻንጣ ውስጥ የሚገባው የበግ ሱፍ ነው። በስሜን መንገዶች ዳር ልጆች የሱፍ ቆብ ይዘው ጎብኚ ሲጠብቁ ማየት የተለመደ ነው። የደጋ ማርና የተሰፋ ሰፌድም አለ። እነዚህ ዕቃዎች ዛሬ የሚሸጡት በልመና አፋፍ ላይ ነው። ልጁ ጎብኚውን ተከትሎ ይሮጣል፤ ጎብኚው ደግሞ ከርኅራኄ የተነሳ ይገዛል። ከርኅራኄ የሚገዛ ደንበኛ ተመልሶ አይገዛም። ኪያንቲ ስሟን በጠርሙሱ ላይ እንደምትለጥፈው፣ የጃን አሞራ ሱፍ ስሙንና የመጣበትን ቀበሌ ይዞ፣ በአንድ ቤት፣ በቁርጥ ዋጋ ቢቀርብ ዕቃው ዕቃ ይሆናል።

ብሩ የት ያርፋል?

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ከዚህ በታች የቀረቡት ቁጥሮች ለትምህርት ሲባል የተወሰዱ ናቸው፤ የወቅቱ የገበያ ተመን አይደሉም። ነጋዴ አንባቢያን በራሳቸው ቁጥር ተክተው ሊሠሩት ይችላሉ።

በስሜን ተራሮች ለረጅም ጊዜ የቆየው ጉብኝት የእግር ጉዞ ነው። ጎብኚው ደባርቅ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት መግቢያ ከፍሎ፣ አስጎብኚ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት፣ ምግብ አብሳይ፣ የጭነት በቅሎና የበቅሎ ባለቤት ይዞ ይወጣል። እነዚህ ሰዎች ተደራጅተው በተራ ነው የሚሠሩት። ተራው ብዙ ቤተሰብ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እንዲያገኝ ያደርጋል።

የመጀመሪያውን ስሌት እንያዝ። ሁለት ጎብኚዎች 4 ቀን በእግር ሄዱ እንበል። አስጎብኚ በቀን 1,000 ብር፣ ስካውት 500፣ አብሳይ 800፣ ሁለት በቅሎ ከነባለቤታቸው 1,200 ብር ቢሆን በቀን 3,500 ብር ይመጣል። በ4 ቀን 14,000 ብር ነው። ይህ ገንዘብ በሙሉ ደባርቅና በመንገዱ ላይ ባሉ መንደሮች ይቀራል።

ሁለተኛው ስሌት በብስክሌት ነው። ብስክሌተኞቹ ያንኑ መንገድ በ2 ቀን ጨረሱት። በቅሎ ስለማይደርስባቸው ጓዛቸውን የሚሸከም መኪና በቀን 10,000 ብር ከጎንደር ተከራዩ። አስጎብኚው፣ ስካውቱና አብሳዩም መኪናው ውስጥ ገቡ። በቀን 12,300 ብር፣ በ2 ቀን 24,600 ብር ወጣ። ከዚህ ውስጥ 20,000 ብሩ ወደ መኪናው ባለቤት፣ ወደ ነዳጅና ወደ መለዋወጫ ይሄዳል። ለአካባቢው የቀረው 4,600 ብር ብቻ ነው። የበቅሎው ባለቤት ደግሞ ምንም አላገኘም።

እንግዲህ ይታያችሁ። ብስክሌተኛው ከእግረኛው የበለጠ ከፍሏል፤ አካባቢው ግን ያገኘው ከሲሶ ያነሰ ነው። ባለሙያዎች ይህን "ሊኬጅ" ወይም የገቢ መፍሰስ ይሉታል። እንስራው ትልቅ ቢሆንም ከሥሩ ከተሸነቆረ ውኃው አይጠራቀምም። በተጨማሪም መኪና የሌለበት መንገድ ፈልጎ የመጣው እንግዳ ራሱ መኪና አስከትሎ ገብቷል። የገዛውን ዕቃ ራሱ አበላሸው ማለት ነው።

ሦስተኛ ስሌት ይቻላል ወይ? አዎን፣ ይቻላል፤ ለዚህም የሚረዳን ተራራው ራሱ ነው። በብዋሂት ማለፊያ ከፍታ ላይ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚያገኘው 60 በመቶ ያህሉን ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲወጣ የማደሪያው ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ሐኪሞች ይመክራሉ። ከደባርቅ ሳንቃበር ያለው ልዩነት 450 ሜትር ገደማ፣ ከሳንቃበር ጨነቅ 370 ሜትር ገደማ ነው። ተራራው በጤና ምክንያት "ቀስ በል፣ እዚህ እደር" እያለ ነው። ቀስ ብሎ ከሄደ ደግሞ በማለዳ ተነስታ አቋራጩን የያዘች በቅሎ ማታ ከማደሪያው ትደርስበታለች።

ስለዚህ ብስክሌተኞቹ 4 ቀን ይቆዩ። አስጎብኚ 1,000፣ ብስክሌት የሚነዳ ስካውት 500፣ አብሳይ 800፣ በቅሎ 1,200፣ የማደሪያና የእራት 1,000 ብር እንበል። በቀን 4,500፣ በ4 ቀን 18,000 ብር ይሆናል። እንግዳው በመኪና ከሚያወጣው 6,600 ብር ቆጠበ፤ አካባቢው ደግሞ በሁለተኛው ስሌት ካገኘው ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ አገኘ። ሁለቱም የተጠቀሙበት ንግድ ይህ ነው።

ገበያው ራሱን ችሎ ወደ ሦስተኛው ስሌት አይሄድም ወይ የሚል ይኖራል። አይሄድም። ጉዞውን የሚሸጠው ድርጅት ያለው አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ነው። መኪና የራሱ ንብረት ከሆነ መኪናውን ማሠራት ይፈልጋል። በ2 ቀን የሚያልቅ ጉዞም ለእሱ ያመቸዋል፤ ለጎብኚው ሌላ ከተማ ይሸጥለታልና። ተደራጅቶ ካልተደራደረ የደባርቁ ወገን የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው።

የባዶነት ባለዕዳ ማነው?

እስካሁን ያየነው የጎብኚውን ወገን ነው። ወደ ገበሬው እንመለስ። በምጣኔ ሀብት ትምህርት "ኦፖርቹኒቲ ኮስት" የሚባል ነገር አለ። አንዱን ስትመርጥ የተውከው ሌላው አማራጭ ዋጋ ማለት ነው። መንገዱ ባዶ ሆኖ ይቆይ ሲባል፣ የሚተወው ነገር አይሱዙ ብቻ አይደለም። ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት የምትደርስበት ሰዓት፣ የማዳበሪያ ማጓጓዣ ዋጋ፣ ገብሱ ደባርቅ ሲደርስ የሚያወጣው ብር ሁሉ በዚያ ውስጥ አለ። ጎብኚው የባዶነቱን ደስታ ይወስዳል፤ የባዶነቱን ዕዳ የሚከፍለው ግን የጃን አሞራ ሕዝብ ነው።

ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ ጉዳይ አይደለም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ፣ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያ ከገቡት 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ምክንያት ተብለው ከተጠቀሱት ውስጥ የዋልያ ቁጥር መቀነስ፣ የሰፈራና የእርሻ መስፋፋት፣ እንዲሁም የመንገድ ሥራ ይገኙበታል። ከመዝገቡ የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ከዚያ በፊት ፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ተነስቷል። ከ400 የሚበልጡ ቤተሰቦች አያት ቅድመ አያቶቻቸው ካረሱት መሬት ለቀው ወደ ደባርቅ ገቡ። ጎብኚው ዛሬ ግጭ ላይ የሚያገኘው ጸጥታ ዋጋው ይህ ነው። የመግቢያ ክፍያው ደረሰኝ ላይ ግን ይህ ዋጋ አልተጻፈም።

መውጫው ምንድን ነው? ለብዙ ዓመታት ሲነሳ የቆየው አንድ መፍትሔ አለ። ይኸውም የጃን አሞራ ተሽከርካሪ ከፓርኩ ውጪ በሚያልፍ ተለዋጭ መንገድ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ከምጣኔ ሀብት አንጻር ሐሳቡ ትክክል ነው። አንድ መንገድ ሁለት ተቃራኒ ሸቀጦችን በአንድ ጊዜ ማቅረብ አይችልም። ፈጣን ትራንስፖርትና ጸጥታ በአንድ ጎዳና ላይ አይገኙም። ሁለት መንገድ ሲኖር ግን ገበሬው ገብሱን፣ ብስክሌተኛው ጸጥታውን ያገኛል። ቅደም ተከተሉ ግን መታወቅ አለበት። ተለዋጩ መንገድ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ ሆኖ ሳይጠናቀቅ የፓርኩን መንገድ ለተሽከርካሪ እናጥብብ ማለት፣ የጎብኚን ደስታ በገበሬ ኪስ መግዛት ነው።

የአንድ ሸቀጥ አደጋ

ገበያን የሚያስተምር ሰው ትርፉን ብቻ ተናግሮ ቢያቆም አታላይ ነው። ቱሪዝም በቀላሉ የሚደነግጥ ንግድ ነው። ደባርቅ ይህን ከማንም በላይ አይታለች። በ2011 ዓ.ም. ጸደይ ፓርኩ ተቃጠለ፤ እሳቱን ለማጥፋት ከእስራኤል ሳይቀር ባለሙያ መጣ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ጎብኚውን አስቀረ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ሰላማዊ ሰው አለቀ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የውጭ መንግሥታት ዜጎቻቸውን ወደ ክልሉ አትሂዱ እንዲሉ አድርጓል። በእነዚህ ዓመታት በቅሎ ሸጦ የበላ ቤተሰብ ስንት እንደሆነ አካባቢው ያውቀዋል።

የምንዛሪው ነገርም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ተመንን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህ ለኤክስፖርት መልካም ነው፤ ቱሪዝምም ኤክስፖርት ነው። ነገር ግን ጉዞውን በዶላር የሚሸጠው ድርጅትና በብር የቀን አበል የሚቀበለው በቅሎ አከራይ እኩል አይጠቀሙም። አበሉ ካልተከለሰ የምንዛሪው ትርፍ በሙሉ መሐል ላይ ይቀራል። የገብሱና የዘይቱ ዋጋ ግን የበቅሎ አከራዩን ክለሳ አይጠብቅም።

እንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ብስክሌት ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ? አይሆንም። የገበያ ሕግ የሚወጣው ገበያተኛው ከመድረሱ በፊት ነው። እንግዳው ከጎረፈ በኋላ ተራና ተመን ለማውጣት የሞከረ፣ ቀድሞ ቦታ የያዘውን ማስነሳት ያቅተዋል።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተባለው ተነስተን አምስት ነጥቦችን እናስቀምጣለን።

1ኛ. ተራው በደረጃ ይሁን። ደባርቅ ላይ የተመዘገበ በቅሎ ደረስጌ ድረስ ከሚሄድ፣ የደባርቁ እስከ ሳንቃበር፣ ከዚያ ያለው እስከ ጨነቅ፣ የመካነ ብርሃኑ ደግሞ እስከ ደረስጌ ቢይዝ ገንዘቡ በመንገዱ ሁሉ ይዳረሳል። ደጋፊ መኪና የሚያስገባ ጎብኚም የበቅሎ ተራውን ክፍያ የሚያህል ገንዘብ ለማኅበሩ ይክፈል።

2ኛ. ማደሪያው የመንደሩ ይሁን። በወሎ፣ መቄት ወረዳ፣ "ተስፋ" በሚባለው ዝግጅት ገበሬዎች በማኅበር ጎጆ ሠርተው ከመንደር መንደር በእግር የሚሄድ እንግዳ ሲያሳድሩ ቆይተዋል። የኢጣሊያው ሕግ ያደረገውን የመቄት ገበሬ በራሱ መንገድ አድርጎታል። ከባሕር ማዶ ከመቅዳት በፊት መቄትን መጠየቅ ይቀላል።

3ኛ. ብስክሌት የሚያውቅ ሰው ይሠልጥን። የአገራችን ሰው ለብስክሌት እንግዳ አይደለም፤ ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ የጎዳና ውድድር 24ኛ ወጥቷል። ደባርቅ ላይ ከለመዳሪ የሚለጥፍ፣ ፍሬንና ካቴና የሚያስተካክል፣ ትርፍ ጎማ የሚያከራይ ጎሚስታ ቢኖር ከአስጎብኚው ያላነሰ ይሠራል። ከመኪና ጎማ ወደ ብስክሌት ጎማ ለመሻገር ብዙ ካፒታል አያስፈልግም።

4ኛ. ዋጋ በወቅት ይለያይ። ከሰኔ እስከ መስከረም ጠጠሩ ጭቃ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ሰማዩ ጥርት ይላል። ሁሉም እንግዳ በታኅሣሥና በጥር እንዳይጨናነቅ በጥቅምትና በመጋቢት ቅናሽ ማድረግ፣ ባዶ የሚውለውን በቅሎ ያሠራል። ብዛት ሲገደብ ደግሞ ጸጥታው ይጠበቃል። መቶ ብስክሌተኛ በአንድ ቀን የገባበት መንገድ ባዶ መንገድ አይባልም።

5ኛ. የባዶነቱ ዕዳ በሒሳብ ይያዝ። ከእያንዳንዱ ብስክሌተኛ የተወሰነ ብር ተነስቶ በግልጽ መዝገብ ለአንድ ለሚታይ ነገር ይዋል፤ ለምሳሌ ለጃን አሞራ እናቶች አምቡላንስ ነዳጅ። ገበሬው ብስክሌተኛ ሲያልፍ "ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልኛል?" ሲል መልሱ በዓይኑ ፊት ይኑር።

ለማጠቃለል ያህል፣ የአንድ ዕቃ ዋጋ የሚወሰነው ገዢው ሊከፍል በሚፈቅደውና ሻጩ በሚከፍለው መሥዋዕትነት መካከል ነው። የስሜን ኮረኮንች ገዢ አለው፤ ያም በኪያንቲ ታይቷል። የጎደለው የሻጩ ወንበር ነው። ዛሬ በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ጉዞ ሻጩ፣ ባለ መኪናውና የፓርኩ ገቢ ሰብሳቢ ነው። ከማለዳ እስከ ቀትር አይሱዙ የጠበቀው ገበሬ ግን ገና አልተቀመጠም። እሱ የሚቀመጥበት ቀን የገብሱ መኪና በሌላ መንገድ በሰዓቱ ይመጣል፤ በዚህኛው መንገድ ደግሞ በቅሎው የእንግዳ ጓዝ ጭና ወደ ጨነቅ ትወጣለች። ያን ጊዜ ሁለቱ ሰዎች በአንድ መንገድ ዳር ቆመው፣ መኪና ባለመኖሩ ሁለቱም ይደሰታሉ።